ድስቱ የቀዘቀዘበት ጾም

ስለ ጾምና ስለ ተጋድሎ ከተጻፉት የጥንት ታሪኮች ብዙዎቹ የሚነገሩት በዋሻና በበረሃ ስለ ሆነው ነገር ነው፤ በማድ ቤት ስለ ሆነው ነገር የሚናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህም ጥቂቶች አንዱ በ4ኛው መቶ ዓመት በላይኛው ግብጽ የማኅበርን ምንኵስና ስለ መሠረተው ስለ አባ ጳኩሚስ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው ታሪክ ነው። የዚህ አባት ሥርዓት ወደ ግዕዝ ተተርጕሟል፤ ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊም ምንኵስናን ከእርሱ ወገን እንደ ተቀበሉ ይነገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጳኩሚስ ገዳማቱን ጐብኝቶ በተመለሰ ጊዜ አንድ ብላቴና ቀርቦ፥ እርሱ ከሄደ ወዲህ የበሰለ አትክልት እንዳልቀረበላቸው ነገረው። ወደ ማድ ቤቱ ቢገባ ወጥ ሠሪው መነኵሴ ድስቱን ትቶ ሰሌን ሲሠራ አገኘው። ምክንያቱን ቢጠይቀው፥ ወንድሞች ከበሰለው ስለሚታቀቡ ዘይቱ በከንቱ እንዳይጠፋ ማብሰሉን እንደ ተወ፥ ሥራም ፈትቶ እንዳይቀመጥ ሰሌን እንደ ያዘ መለሰ። የሰሌኑም ቍጥር 500 ነበረ። ጳኩሚስ ሁሉን አስመጥቶ በእሳት አቃጠለው።

የታሪኩ ብርታት ወጥ ሠሪውን ሌባ ወይም ሰነፍ አለማድረጉ ነው። እንዲህ ቢያደርገው ኖሮ ትምህርቱ ለሁሉ በቀለለ፥ አንባቢም ራሱን ከወቀሳው ውጭ ባቆመ ነበር። ይህ ሰው ግን ቈጣቢ ነው፥ ትጉህ ነው፥ የወንድሞቹንም ጾም ያከበረ ይመስለዋል። ተራኪው ክርክሩን እስከ መጨረሻው አሰምቶ፥ አንባቢም «እውነቱን ነው» ካለ በኋላ እሳቱን ያመጣል። ፍርዱም ይህ ነው፤ የቀረበለትን ወድዶ የሚተው ይጾማል፥ ያልቀረበለትን የሚተው ግን ያጣል እንጂ አይጾምም። የታመመውና ብላቴናውም በሌላው ሰው ጾም ምክንያት ከሚገባቸው ምግብ ተከለከሉ።

ነቀፌታ ቢኖርበት ግን ይህ ነው፤ ታሪኩ የክፉውን ወጥ ሠሪ ስሕተት ሲናገር የደገኛው ወጥ ሠሪ ሥራ ምን እንደ ሆነ አይነግርም። ነገሩን ሁሉ የሚያየው ከገበታው ወዲህ ሆኖ ነው። የጐደለው ክፍል በየዓመቱ በሁዳዴ 55 ቀን በኢትዮጵያ ቤት ሁሉ ይፈጸማል። ባለቤቲቱ ሽንኵርቱን ታቁላላለች፥ ሽሮውን ትበጠብጣለች፥ ምስሩን ትቀቅላለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ናትና ቀምሳ አታውቀውም። ጨውን በእጇ ልክ፥ መብሰሉን በሽታው ትለያለች። ለሕፃኑና ለታመመው በየሰዓቱ ታቀርባለች። ሌላው ሰው በሥራና በጸሎት ከመብል ርቆ ይጾማል፤ እርስዋ ግን ከመብል አጠገብ ቆማ ትጾማለች። ጳኩሚስ በድስቱ ዙሪያ የፈለገው ይህን ነበረ፤ ማርታን ስለ ምግብ ሥራዋ ብቻ የተነቀፈች አድርገው የሚተረጕሙ ሰዎችም ይህን ቢያስቡ ደግ ነው፤ ጌታ የወቀሰው ጭንቀትዋን እንጂ እሳትዋን አልነበረምና።

በእንጀራም ነገር አብሲት አለ። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተከፍሎ በፈላ ውኃ ይበስልና ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ በእሳት ያለፈው ጥቂቱ ያላለፈውን ብዙ ያነሣዋል። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ከዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ለማግኘት አይቸገርም። ነገር ግን የጭቃው ቅርጽ ሳይደርቅ ሰሙን የሚያቀልጥ አንጥረኛ ወርቁን በመሬት ያፈሰዋል። አብሲት ስንት ጊዜ እንደሚማሰል፥ ምን ያህል ሲበርድ ወደ ሊጡ እንደሚመለስ ሳያውቁ «አብሲት መከራ ነው» ብሎ ማለፍ እንዲህ ያለ ችኰላ ነው።

ደግሞም ሰሙ የሰሚው አገር መሆን አለበት። ጌታ የእርሾውንና የሦስቱን መስፈሪያ ዱቄት ምሳሌ የወሰደው ከሰሚዎቹ ማድ ቤት ነው። በጋምቤላ ክልል በኑዌር ዞን ባለችው በማታር ይህ ትምህርት ቢነገር፥ የሰዉ ምግብ ማሽላ፥ በቆሎ፥ ወተትና ዓሣ ነውና አብሲት ራሱ ሌላ ትርጓሜ ይሻል። የማሽላ ገንፎ ግን አስተርጓሚ አይሻም፤ ዱቄቱ በፈላው ውኃ ከገባ በኋላ እጅ ከማማሰያው ቢርቅ ይጓጕላል፤ ትጋት ማለትም ይኸው ነው። ወተትም ለደገኛ ገበሬ የእንጀራው ማባያ ሲሆን ለከብት አርቢው ኑዌር ዋናው ምግቡ ነው። እንግዲህ ወተትን ስለ መተው የሚያስተምር መምህር ለሁለቱ በአንድ ሚዛን ቢናገር፥ ቃሉን እንጂ ሸክሙን አልመዘነም። ላሚቱን አልባ ሳትቀምስ ለልጅዋ የምትሰጥ እናት ግን ነገሩን ሳይነገራት ታውቀዋለች።

ስለዚህ የጳኩሚስ ታሪክ ሊነበብ የሚገባው ስለ ተቃጠለው 500 ሰሌን ብቻ አይደለም። የተቈጠረው ሥራ ሁሉ ለዓይን ይታያል፥ ዋጋም ያወጣል፤ የወጥ ሠሪ ሥራ ግን በየማታው ተበልቶ ያልቃል፥ በማግሥቱም እንደ ገና ይዠመራል። ሰሌኑን የበላው እሳት በድስቱ ሥር ሊነድድ የሚገባው እሳት ነበረ።