የተደመጠውና የተደበቀው፦ የሁለት ልብ ወለዶች አንባቢ

ስለ አማርኛ ልብ ወለድ አንባቢ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የታተመው ቅጂ ነው፤ ስንት ሺህ ታተመ፣ በምን ያህል ጊዜ አለቀ፣ ስንተኛ እትም ላይ ደረሰ። ስሌቱ ለአሳታሚ ይጠቅማል። ለሐያሲ ግን ከሚገልጥለት የሚጋርድበት ይበልጣል፤ በእኛ አገር ደራሲና አንባቢ የተገናኙት ብዙ ጊዜ ከመጻሕፍት መደብር ውጭ ነውና። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» እና የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። አንዱ በአደባባይ ተደመጠ፣ ሌላው በምስጢር ተነበበ። ሁለቱንም ከተነበቡበት ሁኔታ ነጥሎ መተርጎም ያስቸግራል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እንኳ አብዛኛው ሕዝብ ፊደል አልቆጠረም ነበር። መጽሐፉን ለዚህ ሕዝብ ያደረሰው የኢትዮጵያ ሬድዮ ሲሆን፣ ያነበበው ደግሞ የመድረክ ሰው የነበረው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ወጋየሁ ለየገጸ ባሕርዩ የየራሱን ድምፅ፣ የየራሱን አነጋገርና ትንፋሽ ሰጠ። በገጽ ላይ ረዘም ብለው የሚታዩት የጉዱ ካሳ ንግግሮች በጆሮ ሲደመጡ ሙግት ሆኑ። ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ሲያሻው ገጽ ይዘላል፣ ሲያሻው ወደ ኋላ ተመልሶ ይደግማል። አድማጭ ይህ ነጻነት የለውም፤ የሚቀጥለውን ክፍል መጠበቅ አለበት። እስከዚያው ግን ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፣ በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ይናደዳል፣ ለድኻው ለበዛብህ ይሟገታል። «ጉዱ ካሳ» ከመጽሐፉ ወጥቶ፣ ወግና ልማድን የሚነቅፍ ሰው የሚጠራበት ስም እስከ መሆን የደረሰው ይህን በመሰለ የጋራ ንባብ ይመስለኛል።

ልብ ወለዱ ራሱም ስለ ንባብ የሚለው አለው፤ ይህ ነጥብ በሒስ ውስጥ የሚገባውን ያህል አልተነሣም። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው የባላባቱን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። ፍቅራቸው የሚጠነሰሰው በዚያ ትምህርት መካከል ነው። ሲለያዩም የሚገናኙት በደብዳቤ ነው። የባላባት ልጅና የድኻ ልጅ የዘር ግንብ ባቆመው ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ለመቀመጥ ያገኙት ሰበብ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ሐዲስ ንባብን የሁለት ሰው ሥራ አድርጎ ነው የጻፈው፤ አንዱ ያሰማል፣ ሌላው ይቀበላል። ስለዚህ የሬድዮው ንባብ ለሥራው ባዕድ አልነበረም። መጽሐፉ በውስጡ የያዘውን ግንኙነት በአገር ስፋት አሰፋው።

የ«ኦሮማይ» አንባቢ ዕጣ የተለየ ነው። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሳለ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የተሳተፈ ሰው ነበር፤ ያየውንም ወደ ልብ ወለድ ለውጦ በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መንግሥት የሰበሰበውን መጽሐፍ አንባቢ ደብቆ አቆየው። ከእጅ ወደ እጅ በምስጢር እየተዘዋወረ ተነበበ። እዚህ ላይ መጽሐፍ ማዋስ ራሱ አደጋን መጋራት ነው፤ የሚያውሰው የሚታመነውን ሰው ይመርጣል፣ የሚዋሰውም አደራ ይቀበላል። ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከዚህ የበለጠ የዋለለት አንባቢ አላውቅም።

ይሁን እንጂ የዚያው አንባቢ አነባበብ መጽሐፉን አጥብቦታል። ጥያቄው «ይህ ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው?» የሚል ሆነ። ከእውነተኛ ሰዎች ጋር ማዛመዱ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም፤ በዓሉ ከቅርብ የሚያውቃቸውን ሰዎች ለሥራው መነሻ ማድረጉ «ደራሲው» በተባለው ሌላ ልብ ወለዱ ላይም የታየ ነው። ነገር ግን ስሞቹን ፈትቶ የጨረሰ አንባቢ መጽሐፉን የጨረሰ ይመስለዋል። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ የሚሠራ ጋዜጠኛ ነው፤ ቃልን ለመንግሥት የሚያሰናዳ ሰው በግሉ ደግሞ ለእኛ ይናዘዛል። ለሕዝብ በሚያስተላልፈውና ለአንባቢ በሚነግረው መካከል ያለው ርቀት የልብ ወለዱ ዋና ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። በምስጢር የሚያነበው ሰው ፀጋዬ በይፋ የሚናገረውን በየቀኑ በሬድዮ ይሰማ ነበር፤ ሌላውን ፀጋዬ ያገኘው በተደበቀው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ «ኦሮማይ» በግልጽ ታትሞ ይሸጣል። ዛሬ የሚያነሣው ወጣት የእነዚያን ባለሥልጣናት መልክ አያውቅም፤ ስማቸውን ካልነገሩት አይጠይቅም። የሚያገኘው ፀጋዬ አስመራ ላይ የሚያፈቅራትን ፊያሜታን፣ እርሱን አዲስ አበባ የምትጠብቀውን ሮማንን፣ አስመራንና ጦርነቱን ነው። የሚያውቃቸውን ሰዎች እያሰበ ላነበበው አባቱ ፊያሜታ የታሪኩ ማጣፈጫ ነበረች። ለልጁ ግን መጽሐፉ የሚጀምረው ከእርሷ ነው፤ ሁለቱ ስለዚያ መጽሐፍ ሲያወሩ መግባባት የሚቸግራቸውም ለዚህ ነው።