የስለት ጥለት እና የቀጥቃጩ ስም

በእጅ የተቀጠቀጠ የወጥ ቤት ቢላዋ ሲወደስ ቀድሞ የሚነሳው ገላው ላይ የሚታየው ጥለት ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ገበያ ጥለት ያለው ስለት ከሌለው በውድ ዋጋ ይሸጣል። ጥለቱ ምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ ከወላይታ ዞን፣ ከቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ ከቦምቤ ማንሳት የሚጠቅመው ቀጥቃጩም ቢላዋውም እዚያ እያሉ ጥለቱ ስለሌለ ነው። ይህን የችሎታ ማነስ አድርጎ ማየት ይቀናል፤ እኔ ግን አልስማማም።

አስቀድሞ አንድ መደባለቅ ይጥራ። ጥለት ካላቸው ብረቶች «የደማስቆ ብረት» የሚባሉት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በደቡብ ሕንድ በሸክላ ማቅለጫ ይወጣ የነበረው አረብ ብረት ሲሆን፣ ጥለቱ የሚፈጠረው ከውስጡ ነው። ጆን ቨርሆቨንና አንጥረኛው አልፍሬድ ፔንድሬይ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ምርምር ለጥለቱ መፈጠር በማዕድኑ ውስጥ ያለ እጅግ ጥቂት ቫናዲየም ወሳኝ መሆኑን አሳይተዋል። ሁለተኛው ዛሬ በየወጥ ቤቱ የምናየው ነው፦ ሁለት ዓይነት ብረት ተነባብሮ በፍም ይጋጠማል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይጋጠማል። ስምንት የነበረው ድርብ በአንድ እጥፋት 16፣ በአምስት እጥፋት 256 ይሆናል። በመጨረሻ በአሲድ ሲነከር አንዱ ይጠቁራል፣ ሌላው ያበራል።

የሚያስደንቀው ድርብርቡ ለስለቱ የሚጨምርለት ነገር እምብዛም መሆኑ ነው። ጠንካራና ልል ብረት በመጋጠሚያው ሙቀት ሲቆዩ ካርቦኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሰርጋል፤ ስስ ድርቦች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በጥንካሬ ተቀራራቢ ይሆናሉ። ልዩነቱን ለዓይን የሚያቆየው በዋናነት እንደ ካርቦን ቶሎ የማይሰርገው ኒኬል ነው። ስለዚህም ነው የዘመኑ ቢላዋ ሠሪዎች ለእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝ የሚውለውን፣ 2 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለውን ብረት የሚመርጡት። በአጭሩ ጥለቱ የሠሪው ፊርማ ነው፤ የሚቆርጠው ሌላ ነው።

የሚቆርጠውን ደግሞ የደቡብ ቀጥቃጭ ያውቀዋል። ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከአሮጌ መኪና የሚወጣ ባሌስትራ ነው፤ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው ውሃ ሲጠጣ ይጠነክራል። የግንባታ ፌሮ ግን ቢቀጠቀጥም ቢሞረድም ስለቱ አይዘልቅም። ቀጥቃጩ ወናፍና ከሰል ይዞ፣ ቴርሞሜትር ሳይኖረው፣ ብረቱ የሚነከርበትን ጊዜ በቀለሙ ይለያል፤ ቀለሙ እንዳይሸሸውም ጥላ ውስጥ ይሠራል። ካለፈበት ስለቱ እንደ ብርጭቆ ይሸራረፋል፣ ካነሰ አይጠነክርም። ይህ ሁሉ ብልሃት ሞረድ ካለፈበት በኋላ ዱካ አይተውም። ገዢው የሚያየው አንድ ግራጫ ብረትና እጀታ ነው።

ይህን አለመታየት ከማኅበራዊ ታሪኩ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። በወላይታ ቀጥቃጩ ዎጋቼ፣ ሸክላ ሠሪው ጪናሻ፣ ቆዳ ፋቂው ደገላ እየተባለ ከገበሬው ተለይቶ ኖሯል፤ ጋብቻም ማዕድም ተለይቷል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን መሳደብ የሚከለክለውን አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ለባለእጆችም መሬት የማግኘት መብት ከፈተ። ሆኖም ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የደቡብ ባለእጆች ጥናት መገለሉ አለመሞቱን በስፋት ይዘግባል። በጥናቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው፦ ቀጥቃጩን በደረጃው እንጂ በብረቱ እምብዛም አናገኘውም። ጁዲት ቶድ ስለ ዲሜ ሕዝብ ብረት አቅላጮች የጻፈችው ሥራውንና ሠሪውን አንድ ላይ ስለያዘ እስካሁን ይነበባል።

የወላይታ ባህላዊ ልብስ የሆነው የዱንጉዛ ዕጣ ግን ከብረቱ ይለያል። ሽመናም የባለእጅ ሥራ ነው፤ የጥቁር፣ የቀይና የቢጫ ጥለቱ ግን በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ አደባባዩን ይሞላል፣ ባለሥልጣን ይለብሰዋል፣ የወላይታ መለያ ሆኗል። በዚያው በዓል የሚታረደውን በሬ የሚበልተው ቢላዋ በማንም ንግግር አይነሳም። በወላይታ ሶዶ ከተማ ቁርጥ ቤቶች ቢላዋ ለእያንዳንዱ በላተኛ ከሥጋውና ከዳጣው ጋር ይቀርባል፤ በጣት ይያዛል፣ ስለቱ ይፈተናል፣ ከደነዘዘ ይመለሳል። የሠራው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አላየሁም።

እንግዲህ የቦምቤን ቀጥቃጭ ጥለት ማስተማር ያዋጣል? ቴክኒኩ አይከብደውም፤ ለማጋጠሚያ የሚሆን ቦራክስና የመጋዝ ስባሪ ካገኘ እሳቱ አለው። ግን ለከተማ ጎብኚ የሚሸጥ ጌጥ ይሆናል፣ ሠሪውንም በዚያው ስም አልባ ሊያስቀረው ይችላል። የሸፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች ከ1624 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማኅበራቸው ምልክታቸውን አስመዝግበዋል፤ ጀርመን የዞሊንገንን ስም በ1938 እ.ኤ.አ. በሕግ ጠብቃለች። ሁለቱም ዝናቸውን ያቆሙት በማኅተም እንጂ በጥለት አይደለም። ማኅተሙ ደግሞ ርካሽ ነው፦ አንድ የጠነከረ የብረት መምቻና አንድ የመዶሻ ምት። ውድ የሚሆነው በሌላ በኩል ነው። በሶዶ ገበያ ዋጋ ሊጨምር የሚችል ስም፣ ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ሲላክ ዎጋቼ መሆንን የሚያስታውስ ከሆነ፣ ቀጥቃጩ ስለቱን ባዶ ቢተወው ምክንያት አለው።