የሰባ ሰባት ቁና

ባለሥልጣን ስለ ድርቅ ሲናገር አድማጭ ጆሮውን የሚያቆመው አንድ ቁጥር፣ የ1977ቱ ረሃብ ዓመት፣ እስኪጠራ ነው። «ከሰባ ሰባቱ ይብሳል» ወይም «እንደ ሰባ ሰባቱ አይሆንም» ይባላል፤ የኩንታሉና የተረጂው ብዛት ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ማብራሪያ ነው። የፖለቲካ ንግግር የሚተቹ ጸሐፍት ይህን ንጽጽር የሚነቅፉት አጋናኝ ነው እያሉ ነው፤ የሙታን ሐዘን ለልመና ዋለ ይላሉ። ክሱ የተሳሳተ ተከሳሽ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። «ይብሳል» ያለ መሪ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሕይወት አትርፏል። መመርመር ያለበት «አይሆንም» ነው።

በደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ፣ ቁጥሩ ሌላ ሥራ አለው። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ «በሰባ ሰባት» ማለት ይበቃል፤ «ዓመተ ምሕረት» የሚጨምርበት የለም። ልጅ የተወለደበት፣ የመጨረሻው በሬ የተሸጠበት፣ ዘመድ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ወይም ወደ ወለጋ የተጫነበት ጊዜ ነው። «ከሰባ ሰባት በፊት ነው ያገባሁት» የሚል ሽማግሌ የዕድሜውን መንገድ ያመለክታል እንጂ ድርቅን ከድርቅ አያወዳድርም። «ክፉ ቀን»ም እንዲሁ ነበር። ከምጽዋ በኩል የገባው የከብት እልቂት በሬውን ጨርሶ ያመጣው የ1880ዎቹ ረሃብ ስም እንጂ ቁጥር አልወጣለትም፤ «ከክፉ ቀን ያነሰ ነው» ብሎ ሲጽናና የሰማሁት ሰው የለም። ስም አይሰፈርበትም። ቁጥር ግን ቁና ይሆናል።

ሰባ ሰባትን ቁና ያደረገው ፖለቲካ ሥራውን የጀመረው በሰባ ስድስት ወይም በሰባ ሰባት አይደለም፤ በ1967 መባቻ ነው። መስከረም 1 ቀን ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ቀይጦ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። በአገራችን የፖለቲካ ንግግር ታሪክ ከዚያ ምሽት የላቀ ንጽጽር አላውቅም። «እንደ» የለበትም፣ «ይልቅ» የለበትም። የደረቀ ሕፃን፤ ኬክ። የደረቀ ሕፃን፤ ኬክ። ደርግ ለማነጻጸር ቃል አላስፈለገውም፣ መቀስ በቃው። ዝናብ የከለከለው ሰማይም ከፊልሙ ወጣ፤ ድርቁ የአንድ ሰው ወንጀል ሆነ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኋላ በጥናት እንዳሳዩት ረሃብን ከሥርዓት ጋር ማያያዝ ትክክል ነበር። ግን ያያያዘው ደርግ መቀሱን ለራሱ ዘመን አላነሳውም። መስከረም 2 ቀን 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ስታከብር፣ የደርግ ፓርቲ ኢሠፓም ሲመሠረት፣ ወሎ እየሞተ ነበር። ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን የሚቆርጥ አገር ውስጥ አልተገኘም።

ካሜራው ከውጭ መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ያየው ኮረምን ነው፤ ኮረም ደግሞ በሰሜኑ ዋና መንገድ ላይ ነበረች። ቁናው የተሰፋው እዚያ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ሜዳ ሞልቶ በተኛ ሕዝብ ልክ። ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከለጋምቦ ደጋ ማዶ ያለችው መካነ ሰላም በዚያ ልክ ውስጥ የለችም። አማርትያ ሴን ስለ ቀደመው የወሎ ረሃብ ሲጽፍ ያሳየው አንድ ነገር እዚህ ይጠቅማል፤ ሰው በሚራብበት ጊዜ እህል ከወሎ እየተጫነ ይወጣ ነበር፣ የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነው። እንዲህ ያለ ረሃብ ሜዳ ላይ አይሰበሰብም። ጎጆ ውስጥ ነው የሚጨርሰው፤ መንገድ ዳር የተሰፋ ቁናም አይሰፍረውም።

አሁን ወደ ኅዳር 1995። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለቢቢሲ በሰጡት ቃል፣ በሰባ ሰባት የተጎዳው ሕዝብ አሁን ከሚያሰጋው ሲሶ ወይም ግማሽ ቢሆን ነው አሉ፤ ያኛው ቅዠት ከነበረ ይህኛው ለማሰብም የሚዘገንን እንደሚሆን ጨመሩ። ብዙ ተቺ ይህን የልመና ድራማ ብሎ አልፎታል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን የተጠነቀቀ ንግግር ነው። ያወዳደሩት ለአደጋ የተጋለጠውን ከተጋለጠው ጋር ነው፤ የሟች ቁጥር አልጠሩም። ዓረፍተ ነገሩ እርዳታ ካልደረሰ በሚል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ባይኖር ኖሮ ትንቢት ይሆን ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ 11 ዓመት ሥልጣን ላይ የቆየ መሪ የገዛ ዘመኑ ከደርግ ዘመን ሊከፋ እንደሚችል በአደባባይ ተናገረ። ከሱ በፊት የነበሩት ይህን አላደረጉም፤ ንጉሡ ዝም አሉ፣ ደርግም በዓሉን አከበረ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ መሆኑ፣ የታለመውም ለለጋሾች ጆሮ መሆኑ አይካድም፤ የወሎ ገበሬ ስለራሱ የተባለውን የሰማው ዞሮ ነው። ይሁን። በዚያው ዓመት 11.3 ሚሊዮን ሰው እርዳታ እንደሚያሻው ተገለጸ፣ እህሉ ደረሰ፣ የሰባ ሰባት ዓይነት እልቂት አልመጣም፣ በ1997 ሴፍቲኔት ተጀመረ። ሌሎች የመለስ ንግግሮችን እንዲህ ለማመስገን አይዳዳኝም፤ ይህችን አንዷን ግን ከየትኛውም የመሪ ንግግር አስበልጣታለሁ።

«አይሆንም» ይህ ሁሉ የለበትም። በ2008 የተረጂው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ሲደርስ የባለሥልጣናት ቋንቋ መከላከያ ሆነ፤ እንደ ሰባ ሰባቱ አይደለም፣ ተቋቁመነዋል። እውነትም ነበር፤ መጠባበቂያ እህል ነበር፣ ሴፍቲኔትም ነበር። ግን ሰባ ሰባት ጣሪያ ሆኖ ከተተከለ ከሥሩ ያለው ሁሉ ደኅና ይመስላል። በታኅሣሥ 2016 የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ጌታቸው ረዳ ሊመጣ ያለውን ከሰባ ሰባቱ ጋር አነጻጸሩት፤ የፌዴራሉ መንግሥት ረሃብ የሚለውን ስም አልተቀበለም። በቀጣዩ ወር የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ጥር 28 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤት በረሃብ የሞተ ሰው የለም አሉ፤ ምናልባት ከረሃቡ ጋር በተያያዘ በሽታ። አርባ አራት ሰው በሰባ ሰባት ቁና ቢሰፈር የቁናውን ወለል እንኳ አይሸፍንም። ሙግቱ ሁሉ የተካሄደው ስለ ቁናው ነበር።

መንግሥት ማዘን አይችልም ለማለት አይደለም። የቆሼ የቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ሲደረመስ፣ ጎፋ ላይም ሐምሌ 15 ቀን 2016 መሬቱ ሲንሸራተት፣ በሁለቱም ጊዜ የተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አውጇል። ተገቢ ነበር። የተናደ መሬት ሰዓት አለው፣ ሰንደቅ ዓላማው መቼ ዝቅ እንደሚል ይታወቃል። የለጋምቦ ደጋ የበልግ ገብስ ግን የሚጠፋበት ሰዓት የለውም። ዝናቡ በየካቲት ይቀራል፤ በመጋቢት ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል፤ በሚያዝያ ጥቂት ያንጠባጥብና ተስፋ ይሰጣል፤ ሰኔ ላይ በግ ገበያ ወርዶ ዋጋው ይረክሳል። ከነዚህ ቀኖች የትኛው የሐዘን ቀን ይሁን?

የ2008ቱ ድርቅ በደጋው «ሰባ ሰባት» የመሰለ ስም አልወጣለትም። በዜና እንደተሰማው «ኤልኒኞ» ተባለ፤ በስፓኒሽ ሕፃኑ ማለት ነው፣ ገና በዓል ሰሞን ባሕሩ ሲሞቅባቸው የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ለክርስቶስ ልደት መታሰቢያ የሰጡት ስም።