የመጀመሪያዎቹ ገጾች

አረቅጥ የጉመር ደጋ ናት፤ ብርዱ ገና በጊዜ ሰውን ወደ እሳት ዳር ይሰበስባል። የፍቅር ልብ ወለድ የምመርጠው በዚህ ሰዓት ነው። ሽፋኑ አያታልለኝም፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች አንብቤ እፈርዳለሁ።

በዚህ ሚዛን እስካሁን የሚስተካከለው ያላገኘሁለት በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሲጀምር ፍቅረኞቹ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ የሉም። ደራሲው ጎጃም፣ ማንኩሳ ይወስደንና ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ጋር ያስተዋውቀናል። ሰብለ ወንጌል የምትመጣው ብዙ ገጽ ከተገለጠ በኋላ ነው። ችኩል አንባቢ «ታዲያ ፍቅሩ የታል?» ይል ይሆናል። ለእኔ ግን ፍቅሩም መከራውም እዚያው ተዘርቷል፤ ወላጆቹ ስለ ልጃቸው የተሳሉት ስለት ኋላ በሁለቱ ፍቅረኞች መካከል ይቆማልና። ከዚህ ርቀት ተነሥቶ መሠረት የሚጥልን ደራሲ እስከ መጨረሻው አምኜ እከተለዋለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም ያ ዝግታ ጆሮ አላሰለቸም።

እባክዎ፣ መጽሐፍ አዟሪ ሲያገኙ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ቆም ብለው ሦስት ገጽ ያንብቡ።