የሕፃናት መብት በሕግ መጽሐፍና በምርመራ ክፍል

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የሕፃናትን መብት ራሱን በቻለ አንቀጽ መደንገጉ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ አንቀጽ 36 በጥሞና ሲነበብ አንድ ክፍተት ይታይበታል። ሕፃኑን ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የሚያደርገው በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ነው፤ ስለ መኖሪያ ቤት ግን ዝም ይላል። በሕክምና ክፍሎች የሚታየው ቃጠሎ፣ ስብራትና በበርበሬ ጢስ የታጠነ ዐይን ግን ከቤትም ይመጣል።

ክፍተቱን መሙላት የነበረበት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ነበር። አንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያንገላታ፣ ችላ የሚል ወይም የሚደበድብ ሰው ከ3 ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ያዛል። በልጁ ጤና ወይም እድገት ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ እስራቱ ከ1 ዓመት አያንስም። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ግን ሕጋዊ የተግሣጽ እርምጃን ከዚህ ሁሉ ውጭ ያደርገዋል። ተግሣጽ የት እንደሚያበቃ፣ ድብደባም የት እንደሚጀምር አንቀጹ አያብራራም።

የዚህ ዝምታ ሸክም በጤና ባለሙያው ላይ ያርፋል። በ3 ወርና በ1 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት የጉዳቱ ክብደት በመሆኑ፣ የሕክምና ማስረጃ ወሳኝ ነው። የቁስሉ ቦታ፣ መጠንና ዕድሜ ሳይመዘገብ «ወድቆ ነው» የሚል ቃል ብቻ የሰፈረበት ካርድ ለሕፃኑ ሊመሰክርለት አይችልም።

ይህ ማለት ግን የመንግሥት ግዴታ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ ተዛውሯል ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ በአንቀጽ 19 ሕፃኑ በወላጆቹ እጅ ሳለም ከጥቃት እንዲጠበቅ ያስገድዳል፤ ጥቃትን የመለየት፣ የማሳወቅ፣ የማከምና የመከታተል ሥርዓት እንዲዘረጋም ይጠይቃል። የኮንቬንሽኑ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጠቅላላ አስተያየት ቁጥር 8 በቤት ውስጥ የሚፈጸም የአካል ቅጣት ጭምር በሕግ እንዲከለከል አሳስቧል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል በመሆኑ፣ የተግሣጹ ንዑስ አንቀጽ በዚሁ መንፈስ ሊተረጎም ይገባዋል።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ብሂል ስለ ሥርዓት ይናገር እንጂ ለቃጠሎና ለስብራት ፈቃድ አይሰጥም። ሕግ አውጪው ወሰኑን በግልጽ እስኪያሰምር ድረስ፣ በጥንቃቄ የተሞላ ካርድ ሕፃኑ በፍርድ ቤት ያለው ብቸኛ አንደበት ሊሆን ይችላል።