ሸራውና ቴምብሩ፦ አፈወርቅ ተክሌ እንደ ግራፊክ ባለሙያ

ስለ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የሚጻፈው ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት ተነስቶ «የመስቀል አበባ» በተሰኘው ሥዕል ላይ ያርፋል። ቴምብሮቻቸው፣ ፖስተሮቻቸው፣ የነደፏቸው የመጫወቻ ካርታዎችና የክብረ በዓል አልባሳት ግን በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሰው ይታለፋሉ። ይህን ልማድ አልቀበለውም። የግራፊክ ሥራቸው የሸራው ትርፍራፊ ሳይሆን የጥበባቸው አጥንት ነው ባይ ነኝ።

አፈወርቅ በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ፤ ልጅነታቸውም በጣሊያን ወረራ ዘመን አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ዝንባሌያቸው ግን መጀመሪያ ለንደን ወዳለው ሴንትራል የሥነ ጥበብና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወሰዳቸው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ስሌድን ያደምቃሉ፤ እኔ ግን ሴንትራልን አስቀድማለሁ። ያ ቤት ኅትመትን፣ የመጽሐፍ ጥረዛንና የጨርቅ ንድፍን ከሥዕል እኩል የሚያስተምር፣ ጥበብን ከገበያና ከማሽን ጋር ያስታረቀ ነበር። ከዚያ የወጣ ሰው ቴምብር መንደፍን ከክብሩ በታች አድርጎ አያይም።

ውጤቱ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ በግልጽ ይታያል። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው መስታወት የአህጉሪቱን ያለፈ ዘመን፣ ትግልና መጪ ጊዜ በሦስት ክፍል ይተርካል። ቀለሙ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ጥቁሩ መስመር እያንዳንዱን ቅርጽ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ተመልካቹ ከበሩ ላይ ቆሞም ቢሆን ማን ምን እንደሚያደርግ ይለያል። የጥሩ ፖስተር ሕግም ይኸው ነው፦ ከሩቅ መነበብ። ጥቁር ዙሪያ መስመርና ደማቅ ቀለም የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጠባይ መሆኑን ስናስብ ደግሞ፣ የአንኮበሩ ልጅ ለንደን ላይ የተማረው ነገር ለዓይኑ እንግዳ እንዳልነበር እንረዳለን።

ወደ መዝናኛው ዓለም ስንመጣ ግን የግራፊክ ባለሙያው ታሪክ ይከፋል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ እስከ ካሴቱ ዘመን፣ የዘፋኙን ስም በየሽፋኑ እናነባለን፤ አሳታሚውንም እንዲሁ። ፊደሉን የጻፈውና ፎቶውን ከቀለሙ ያዋሐደው ባለሙያ ግን በአብዛኛው ስም የለውም። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ከተሞች የሥዕል አዳራሽ ለማይደርስ ሰው በሙዚቃ ቤት መስኮት የተደረደረው የካሴት ሽፋን ዋነኛው የምስል ትምህርት ነበር። ያን ያህል ዓይን ያሠለጠነ ሥራ ባለቤቱ ሳይታወቅ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው።

አፈወርቅ ከዚህ ዕጣ የዳኑት በችሎታ ብቻ አይደለም። ብዙ ሥራቸውን ከእጃቸው አላወጡም፤ ቪላ አልፋን ራሳቸው ነድፈው መኖሪያም፣ የሥራ ቦታም፣ ማሳያም አደረጉት። «የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት» የሚለው ረጅም ማዕረግ ለብዙዎች ትዕቢት ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን በውስጡ ስሙ እንዳይሰረዝ የሚታገል ባለሙያ ይታየኛል። እርግጥ ደንበኞቻቸው ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ነበሩ፤ የቲያትር ፖስተር ሠሪው ግን ነገ ሥራ እንዳያጣ ለፕሮዲውሰሩ አንገቱን ይደፋል። የሁለቱን ዕድል እኩል አድርጎ ማየት ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ሕጉ አሁን ከባለሙያው ጎን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንና ንድፍን ይጠብቃል፤ ሠሪው የገንዘብ መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፍ እንኳ የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲገለጽ የመጠየቅ የሞራል መብቱ አይነካም። የጎደለው ስሙን ከሥራው ጋር አያይዞ የሚመዘግብ አጥኚ ነው። የሸክላና የካሴት ሽፋኖችን፣ የቲያትር ፖስተሮችን እየሰበሰቡ፣ በሕይወት ያሉትን ባለሙያዎች እየጠየቁ የማንን ሥራ ማን እንደሠራው መመዝገብ የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍሎቻችን ዛሬ ሊጀምሩት የሚችሉት ጥናት ነው። የአፈወርቅ ቴምብሮችም በዚያው መዝገብ ውስጥ፣ ከማይታወቁት የሙያ ባልደረቦቻቸው ሥራ ጎን፣ ሊገቡ ይገባል።