«የትብብር ትምህርት» ወይስ «መማማር»? ከመተማ ቆላ የተነሣ የስያሜ ሒስ

በመምህራን መምሪያዎች ውስጥ «የትብብር ትምህርት» የሚባለው፣ በትንሽ ቡድን አንዱ ተማሪ ያለሌላው ግቡን የማይመታበት፣ ሆኖም እያንዳንዱ ስለ ራሱ ዕውቀት የሚጠየቅበት ዘዴ ነው። አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ትምህርቱን ቈራርሶ ለየተማሪው አንድ አንድ ክፍል ያከፋፈለው ለዚሁ ነበር። ስያሜው ይህን ይሸከማልን? አይሸከምም እንላለን። «ተባበሩኝ» የሚል ሰው እርዳታ ይለምናል፤ ጠያቂው አንድ፣ ሰጪው ሌላ ነው። «የኅብረት ትምህርት» ቢባልም ሰሊጥ ለገበያ የሚያቀርበውን የኅብረት ሥራ ማኅበር ያስታውሳል።

ከሁሉ የከፋው በ2000ዎቹ ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው «አንድ ለአምስት» ነው። ቍጥሩ ስም ሆነ፤ ከዘዴውም አደረጃጀቱ ብቻ ተረፈ። ፈጣኑ ይመልሳል፣ የቀሩት ዝም ይላሉ፣ ውጤቱ ግን በቡድኑ ስም ይመዘገባል።

ገበሬው ይህን ልዩነት ከጠራው ቈይቷል። ደቦ የአንዱ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ሌላው ያግዛል። ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚመለስ ብድር ነው፤ ያልመለሰ ይታወቃል። የምንነቅፈው የክፍል ሥራ ደቦ ነው፤ የሚፈለገው ወንፈል ነው።

ታዲያ «የወንፈል ትምህርት» እንበል? ቃሉን ብንወደውም ለመተማ አንመክረውም። በዚያ ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ተከፍቶ ሳይረግፍ መታጨድ አለበትና፣ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች የሚታጨዱት በደመወዝ በሚመጡ የቀን ሠራተኞች ነው። በመተማና በቋራ የጉሙዝ ልጅም አለ፤ በቤቱ አማርኛ የማይናገር ልጅ ወንፈልን እንደ ባዕድ ቃል ይሸመድዳል እንጂ ከሰዋስው አያገኘውም።

«መማማር»ን ግን ያገኘዋል። «ነገረ» «ተነጋገረ»ን፣ «ረዳ» «ተረዳዳ»ን እንደ ሰጠ ሁሉ «ተማረ»ም «ተማማረ»ን ይሰጣል። ግሱ ብቻውን የቆመ ባለቤት አይቀበልም፤ «ልጁ ተማማረ» ብሎ የሚያቆም የለም፣ «ከጓደኛው ጋር» ማለት ግድ ይሆንበታል። ትብብር ያጣው ይህን ግዴታ ነው።

አንድ ጕድለት አለበት፤ የእያንዳንዱን ተጠያቂነት አይናገርም። ስለዚህ «መማማር» ዋና ቃል ሆኖ ይግባ፤ በፍቺው ውስጥ «እንደ ወንፈል፣ እያንዳንዱ ድርሻውን የሚመልስበት» የሚለው ይጨመር። «አንድ ለአምስት»ን ግን ተርጓሚዎች የአደረጃጀት ስም አድርገው ይያዙት እንጂ ለዘዴው አይጠቀሙበት።